የዑልያኖስ ዘመቻ በጋሽ ተሰማ ግቢ

እኛ የዚህ አገር ሰዎች ሞትን በቀጥታ መናገር አንችልም። በጠብ ጊዜ ቀጥተኞች ነን፤ በሐሜት ጊዜማ ማን ይደርስብናል። የሰው ሞት ይዘን ከሰው ደጅ ስንቆም ግን ምላሳችን ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ይጀምራል። ከተቀበረ ሳምንት ያለፈውን ሰው «ትንሽ አሞታል» እንላለን። «ሐኪሞቹ ተስፋ አለው ብለዋል» ብለንም እንጨምራለን። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ የተባለው ለዳኛና ለጠበቃ ይመስላችኋል? እኔን ብትጠይቁኝ ለመርዶ ነጋሪ ነው።

መርዶ ደግሞ ሥርዓት አለው። ሐዘንተኛው የዋዜማውን እራት በሰላም እንዲበላ ይደረጋል፤ ነገ የሚያለቅስበት ጉልበት ያስፈልገዋልና። ጎረቤት በየጓዳው ይንሾካሾካል። ሊነጋጋ ሲል ነጭ የለበሰ ሰው እየመጣ ግቢውን ይሞላዋል። ከመካከላቸው አንደበቱ የታረመ አንድ ሰው ይመረጥና ከሩቅ ይጀምራል፤ ስለ ዓለም ከንቱነት፣ ስለ ጥንት ነገሥታት፣ ያ ሁሉ ጉልበትና ክብር የት እንደ ገባ። ባለቤቱ መጨረሻውን ያውቀዋል። ገና ግቢው ሲሞላ አውቆታል። ሆኖም ተናጋሪውን አያቋርጠውም፤ ሰውዬው ለፍቶ ያሰናዳውን መንገድ ተጉዞ እስኪደርስ ይጠብቀዋል። ጨዋነታችን እስከዚህ ድረስ ነው።

ይህን ሁሉ የዘበዘብኩት ስለ አንድ የሮማ ንጉሠ ነገሥት የጦር አመራር ላጫውታችሁ ብዬ ነው። አትሳቁ። ሮማና መርዶ ምን አገናኛቸው ትሉ ይሆናል፤ እኔም ጋሽ ተሰማ ግቢ ቆሜ እስካየው ድረስ ምንም የሚያገናኛቸው አይመስለኝም ነበር።

ጊዜው የደርግ ማብቂያ ዓመታት ነው፤ ማብቂያ መሆኑን ግን ያኔ ማንም አልነገረንም። ዊንጌት አካባቢ ካሉት ትምህርት ቤቶች በአንዱ ታሪክ አስተምር ነበር። የታሪክ መምህርነት ቀላል ሥራ አልነበረም፤ ያለፈው ነገር በየጊዜው ይለወጥብን ነበር። ከሁሉ የከፋው ግን ክፍሌ ከኋላ ወንበር ጀምሮ ባዶ እየሆነ መምጣቱ ነው። ረጃጅሞቹ ቀደሙ። ሰሜን ላይ ጦርነት ነበረና በአፈሳ ጊዜ ቁመት እንደ ዕድሜ ይቆጠር ነበር። ከገበያ የታፈሰ አለ፣ ከአውቶቡስ ፌርማታ የታፈሰ አለ፣ ከኳስ ሜዳ ከነኳሱ የተወሰደ አለ። ጉለሌ ውስጥ በየቤቱ የሚጠበቅ ሰው ነበር፤ በየቤቱም ስለዚያ ሰው አይወራም። ሞቶ እንደሆነ የሚነግር የለም፤ ቆስሎ እንደሆነ፣ ተማርኮ እንደሆነ የሚነግር የለም። ራዲዮኑ የሚያወራው ስለ ድል ብቻ ነው። ባልተነገረ ሞት ማልቀስ ወሬ መንዛት ነበር፤ ወሬ መንዛት ደግሞ ፀረ-አብዮተኛነት። ስለዚህ አይለቀስም። እናቶች ሽንኩርት ሲከትፉ ብቻ ነበር በነፃነት የሚያለቅሱት ብል አጋነንክ ትሉኛላችሁ። ይሁን፤ ትንሽ አጋንኛለሁ።

በየእሑዱ የቀበሌው የውይይት ክበብ ነበረን። ሊቀመንበሩ ጓድ መኩሪያ ይባላል፤ ከአብዮቱ በፊት ልብስ ሰፊ ነበር፤ ካኪውን ራሱ ሰፍቶ ራሱ ይተኩሰው ስለነበር ከከፍተኛው ካድሬዎች ሁሉ የእሱ ልብስ ነበር የሚያምረው። ክፉ ሰው አልነበረም። እንዲህ የምለው ሌሎቹን አይቼ ነው። የክበባችን ርእስ ብዙ ጊዜ ስለ ቁስ አካልና ስለ ንቃተ ኅሊና ነበር፤ ዓይንን ገልጦ የመተኛትን ጥበብ ሰፈራችን የተማረው ያን ጊዜ ነው። መኩሪያ ይህን ሳያይ አልቀረም፤ አንድ ቀን ጠራኝና፣

«ጓድ መምህር፣ ለሚቀጥለው እሑድ ሰው የሚያነቃ ነገር አምጣ» አለኝ። «አንድ ጥንታዊ አድኃሪ ንጉሥ ምረጥና ሠራዊቱን እንዴት እንዳስፈጀ ለሰፊው ሕዝብ አስረዳ። የእኛን አገር ግን እንዳትነካ። የወዳጅ አገሮችንም እንዳትነካ።»

እንግዲህ አስቡት። ከዓለም ካርታ ላይ የእኛና የወዳጆቻችን አገር ሲነሣ፣ ከዚያም የሚያስጠረጥረው ሁሉ ሲነሣ፣ የሚቀረው ሮማ ብቻ ነው። ሮማ ፈርሳለች፤ የሚቀየም ዘመድ የላትም። ከሮማም ዑልያኖስን መረጥኩ። ሰፈሩ ሰውየውን ያውቀዋል፤ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ከቅዱስ መርቆሬዎስ ጥቁር ፈረስ ሥር ተንጋሎ ጦር የተሰካበት ከሃዲ ንጉሥ እሱ ነው። በልጅነታችን ቅዳሴ ሲረዝምብን ያየነው የእሱን ፊት ነው። ሰው ግን ያንን ሥዕል ብቻ ያውቃል እንጂ ከፈረሱ ሥር ከመውደቁ በፊት የት ነበረ፣ ምን ዓይነት የጦር መሪ ነበረ የሚለውን ማንም ነግሮት አያውቅም። ለመኩሪያ ስነግረው ጥቂት አሰበና «ሃይማኖቱን የተወ ከሆነ ተራማጅ ነው ወይስ አድኃሪ?» አለኝ። በሃይማኖት በኩል ተራማጅ፣ በመደብ በኩል አድኃሪ ነው አልኩት። በጣም ደስ አለው። የተደባለቀ ነገር ለውይይት ይመቻል አለ።

እዚህ ላይ የሆነውን ልብ ብላችሁ ስሙኝ፤ ጥፋቱ የማንም ሆኖ የማንም ያልሆነው እዚህ ላይ ነው። የቀበሌው አዳራሽ በዚያ ሳምንት የኅብረት ሱቁ ስንዴ ተከምሮበት ነበር። ስለዚህ ስብሰባው ከሰፈሩ ሰፊ ግቢ ባለው በጋሽ ተሰማ ቤት ይሁን ተባለ። ጋሽ ተሰማ አጣና ነጋዴ ነው፤ ከእንጦጦ የወረደ ባሕር ዛፍ ግቢው ውስጥ ተከምሮ ስለሚውል ለመቀመጫም አያሳስብም። ከስብሰባው በኋላ ደግሞ ለችግኝ ተከላ እንጦጦ መውጣት ስለነበረብን ሰዓቱ ማለዳ አሥራ ሁለት ሆነ። የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ተበላሽቶ ስለነበር መኩሪያ የዕድሩን ጥሩምባ ነፊ ለመነው። ጥሩምባ ነፊውም ቅዳሜ አመሻሽ ላይ እንደ ልማዱ ጥሩምባውን በረዥሙ እየነፋ «ነገ ማለዳ ጋሽ ተሰማ ግቢ እንድትገኙ! የቀረ ይቀጣል!» እያለ ሰፈሩን ዞረ። ለጋሽ ተሰማ ግን ማንም አልነገረውም። መኩሪያ ጥሩምባ ነፊው ነግሮታል ብሎ አሰበ፤ ጥሩምባ ነፊው መኩሪያ ነግሮታል ብሎ አሰበ፤ እኛ ደግሞ ሰው የገዛ ግቢውን ጉዳይ እንዴት አያውቅም ብለን አሰብን። ተሰማ የገዛ ስሙን ከጥሩምባ ጋር የሰማው እንደ ማንኛውም ሰው ከሩቅ ነው።

የተሰማ ልጅ ኤፍሬም የእኔ ተማሪ ነበር። ቀጭን፣ መጽሐፍ ይዞ እየሄደ ከሰው የሚጋጭ ልጅ። ላምባ ግዛ ተብሎ እንደ ወጣ ታፈሰ። ጀሪካኑን አንድ ጎረቤት ይዞ መጣ፤ ላምባው ተገዝቶ ነበር። መጀመሪያ አካባቢ ማሠልጠኛ እንዳለ ወሬ ደርሶ ነበር፤ ከዚያ ግንባር ገባ ተባለ፤ ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። እናቱ እትዬ አስካለ ከዚያን ቀን ጀምሮ የአጥሩን በር መወርወሪያ አላስገባችበትም። አልቅሳ አታውቅም። እፊቷ የሚተክዝ ሰው ካለ «በልጄ ላይ ሟርት ታመጣብኛለህ እንዴ?» ብላ ታስወጣለች። እየከሳች፣ እንቅልፍ እያጣች፣ ለማንም ደኅና ነኝ እያለች ትውላለች። ጋሽ ተሰማ ደግሞ ከአጣናው መካከል ቀጥ ያለ ቀጥ ያለውን እየመረጠ ለኤፍሬም ክፍል ይሆናል እያለ ከኋላ ያስቀምጣል። ገበያተኛ ሲጠይቀው የተሸጠ ነው ይላል።

እንግዲህ ማለዳ ነው። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ ሰው ሁሉ ጋቢና ነጠላውን ተከናንቧል። የሚቀጣ ስብሰባ ስለሆነ የቀረ የለም። በዚያ ሰዓት የማለዳ ሰው አይጮኽም፤ ዝም ብሎ እየገባ፣ በለሆሳስ እየተሳለመ አጣናው ላይ ይቀመጣል። ጋሽ ተሰማ ከቤቱ ወጥቶ ደጃፉ ላይ ቆመ። ግቢውን አየ። ሰውን ሁሉ አየ። ከዚያ መደቡ ላይ ተቀመጠና ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። እኔ ያኔ ብርድ መስሎኝ ነበር።

መኩሪያ «ወደ ፊት!» ብሎ ከፈተና ወደ እኔ ጠቆመ። ማለዳ ስለሆነ ነው መሰለኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ። እኔም ከሩቅ ጀመርኩ። ታሪክ ከሩቅ ካልተጀመረ አያምርም።

ስለ አንድ ወጣት ላውራችሁ አልኳቸው። ወጣቱ ጦር ሜዳ ያደገ አይደለም፤ ያደገው መጽሐፍ ውስጥ ነው። የአጎቱ ልጅ የሆነው ንጉሠ ነገሥት ከመጽሐፉ አንሥቶ ጎል ወደሚባል፣ ዛሬ ፈረንሳይ ወደምንለው ብርዳም ጠረፍ ለጦርነት ላከው። ማን ያስተምረው? እንደ ወታደር እግር ማንሣት እንኳ እዚያ ነው የተማረው። ቤተ መንግሥት ውስጥ የላኩት ሰዎች ይሞታል ብለው ነበር የላኩት። ልጁ ግን አልሞተም። ወታደሩ የሚበላውን በላ፣ ወታደሩ የሚተኛበት ላይ ተኛ፣ ሌሊት በሻማ እያነበበ ቀን ተዋጋ። ስትራስቡርግ ላይ ከእሱ ጦር የሚበልጥ ጠላት ገጥሞ አሸነፈ። ፈረሰኞቹ ሲሸሹ ፊታቸው ገብቶ መለሳቸው። ያቺን ቦታ ስናገር ጋሽ ተሰማ ራሱን ቀና አደረገ። ዓይኑ ሞልቷል። እኔ ሞኙ ንግግሬ የማረከው መሰለኝና ይበልጥ ተጋሁ።

በመካከሉ ሐጂ ከድር ገቡ። ሐጂ ከድር የሰፈራችን ባለ ሱቅ ናቸው፤ ሱብሒ ሰግደው ስለመጡ ዘገዩ። በር ላይ ሲደርሱ ያዩትን እናንተም ብታዩ ሌላ ነገር አታስቡም፤ ነጭ የለበሰ ሰው ዝም ብሏል፤ ባለቤቱ መደቡ ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል፤ አንድ ሰው ቆሞ ስለ ጀግና ይናገራል። ቀጥ ብለው ተሰማ ዘንድ ሄዱ፤ ሁለት እጁን ያዙና «አላህ ሶብሩን ይስጥህ ወንድሜ» አሉት። ከጎኑም ተቀመጡ። ይህን ያየ ሰው ሁሉ ጎረቤቱን አየ። የተነገረን ለስብሰባ ነበር፤ ለካ ነገሩ ሌላ ኖሯል፤ ለካ ስብሰባ የተባለው ለዘዴ ኖሯል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ገለበጡ። እኔ ግን ከቆምኩበት ይህን አላየሁም፤ ፋርስ ገብቼ ነበር።

ፋርስ ላይ የዑልያኖስ ዕድል ተገለበጠች፤ ስሙን የጠራሁትም ገና ያን ጊዜ ነው። ያ ከወታደሩ ጋር ይበላ የነበረ ሰው ነግሦ፣ በድል ላይ ድል ሲደራረብለት ምክር መስማት ተወ። መካር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ እንዲሉ። የጠላትን ከተማ ቅጥር አይቶ መስበር ሲያቅተው ወደ መሀል አገር ሊገባ ወሰነና ስንቅ ያመጡለትን መርከቦች በገዛ እጁ አቃጠላቸው። ጠላት እንዳይወስዳቸው ብሎ ነው፤ ወታደሩም ወደኋላ እንዳያይ። እሳቱ ሲንቦገቦግ ተጸጸተ ይባላል፤ አጥፉ አለ፤ እሳት ግን ትእዛዝ አይሰማም። ጠላት ደግሞ ከፊት ከፊቱ እህሉን ያቃጥላል። ከኋላ መመለሻ የለም፤ ከፊት መብል የለም። ያ ሁሉ የእናት ልጅ በሐሩርና በጥም እግሩን እየጎተተ ነበር። እዚህ ላይ መኩሪያ ሳል ብጤ አሰማ። ነገሩ ከሮማ እየራቀ ወደ ሰሜን የቀረበበት መሰለኝ። ልጨርስ ብዬ ቸኮልኩ። አንድ ቀን ከኋላ ውጊያ ተነሣ ሲባል የብረት ጥሩሩን እንኳ ሳይለብስ ዘሎ ወጣ፤ ያን ጊዜ ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ጦር ጎኑን...

«ልጄን!» የሚል ድምፅ ከቤት ውስጥ ወጣ።

እትዬ አስካለ ናት። ከመስኮቱ ሥር ቆማ ከመጀመሪያው ጀምሮ ስትሰማ ነበር። ስለ መጽሐፉ ሰምታለች፣ ስለ ብርዱ ሰምታለች፣ ስለ ድሉም ሰምታለች፤ ጦሩ ጎኑ ላይ እስኪደርስ ሥርዓቱን ጠብቃ ዝም አለች። አሁን ደረሰ። እንዴት እንደ ወጣች አላየሁም፤ ብቻ አፈር ላይ ነበረች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ያ ሁሉ ጊዜ የተያዘ እንባ አንድ ጊዜ ተለቀቀ። ከዚያ ሌላዋ ሴት ጀመረች፤ የእሷ ልጅ ግን ስሙ ሌላ ነው። ከዚያ ሌላዋ። በየስሙ ተለቀሰ፤ «ግርማዬ!» የምትል አለች፣ «ሙሉጌታ!» የምትል አለች፤ ወንዶቹ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ። መኩሪያ «ጓዶች! ስብሰባው አልተዘጋም! ጓዶች!» እያለ ጮኸ። ማን ይስማው። በዕድሜዬ ብዙ ለቅሶ ደርሻለሁ፤ እንደዚያ ያለ፣ አስከሬን የሌለው፣ ወሬ ነጋሪ የሌለው፣ ሟቹ ማን እንደሆነ ያልታወቀ ለቅሶ ግን አላየሁም። እጄን ዘርግቼ በቆምኩበት ቀረሁ። ስለ ታሪክ ነው እኮ የተናገርኩት ልል ፈለግኩ፤ ለማን እንደምለው አጣሁ።

ዕድሩ ድንኳኑን ተከለ። እንጦጦ ሊወጡ የነበሩት ችግኞች ከነላስቲካቸው ድንኳኑ ጥግ ተደረደሩ፤ ውሃ የሚያጠጣቸው ጠፍቶ እዚያው ጠወለጉ።

በሦስተኛው ቀን ጋሽ ተሰማን ወደ አጣናው ኋላ ወሰድኩት። ሰው የሌለ ሞት አርድቶ እንዴት መልሶ ይናገራል? የመርዶ ሥርዓት አለን፤ የመርዶ ማፍረሻ ሥርዓት ግን አባቶቻችን አላወረሱንም። ቀጥ ብዬ ነገርኩት።

«ጋሽ ተሰማ፣ እኔ ስለ ኤፍሬም የሰማሁት ነገር የለም። ያ የቀበሌው ትምህርት ነበር። ልጅዎ ይኑር ይሙት የሚያውቅ የለም።»

ተሰማ ካስቀመጣቸው አጣናዎች የአንዱን ልጥ መላጥ ጀመረ።

«አውቃለሁ» አለኝ። «ዑልያኖስ ስትል ጊዜ አወቅኩ። ዑልያኖስን እኔ አጣሁት? ስንት ዓመት አስቀድሼ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ልናገር ብድግ ስል አስካለ አለቀሰች። መምህር፣ አስካለ አለቀሰች እኮ! ልጁ ከሄደ ጀምሮ አልቅሳ አታውቅም። ትናንት በላች። ሌሊቱን ተኛች፤ ስታንኮራፋ ሰማኋት። እኔ ምን ልበላት? ተነሺ፣ ገና ጠብቂ፣ ልበላት?»

«ልጁ ቢመጣስ?»

«ቢመጣማ ማን ይጠላል። ተለቅሶልህ ነበር እንለዋለን፤ ይስቃል።» ልጡን ወረወረው። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው የሆነብን። አንተም አፍህን ያዝ። ለሰፈሩም ንገር፣ አፉን ይያዝ።»

ሰፈሩ አፉን ያዘ። እስቲ ይህን ጉድ እዩልኝ፤ ሞትን ስንደባብቅ የኖርን ሰዎች ያን ጊዜ ደግሞ ሕይወትን መደበቅ ያዝን። እትዬ አስካለ ስትመጣ ወሬ እንቀይራለን። «ምናልባት እኮ...» ብሎ የጀመረ ይቆነጠጣል። ተስፋ ያለው ወሬ እንዳይደርሳት እንጠነቀቅ ነበር፤ ከግንባር የተመለሰ ቁስለኛ ሰፈር ውስጥ ሲታይ በሌላ መንገድ እንወስዳት ነበር። እሷ ጥቁር ለብሳ፣ ፊቷ ትንሽ ሞልቶ፣ ሰላምታ መመለስ ጀምራ ነበር። እኔ ቤቴ ስገባ ግን ራሴን እጠይቅ ነበር። ልጁ በሕይወት ቢኖርስ? የትም ወድቆ እናቴ ትጠብቀኛለች እያለ ቢሆንስ? ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ተዝካሩ ሳይደርስ ወይዘሮ በላይነሽ ቤቴ መጣች። ከሸጎሌ ገበያ በግ እየገዛች የምትሸጥ፣ ከወንድ ነጋዴ ጋር ተሟግታ የምትረታ ሴት ናት። ልጇ ከኤፍሬምም በፊት ነው የሄደው። ወንበር አልፈለገችም።

«የእኔንም ንገረኝ» አለችኝ።

«እኔ የማውቀው ነገር የለም፣ እትዬ በላይነሽ።»

«ለአስካለስ ምን አውቀህ ነው የነገርካት?»

ነጠላዋን አዘቅዝቃ መሬት ላይ ተቀመጠችና ጠበቀችኝ። ጀመርኩላት። ስለ አንድ ወጣት፣ መጽሐፍ ውስጥ ስላደገ፤ የእሷ ልጅ መጽሐፍ አይወድም ነበር፤ በግ ይወድ ነበር፤ እሷ ግን አላቋረጠችኝም። ጦሩ ጎኑ ላይ ሲደርስ አለቀሰች። አልቅሳ ስትጨርስ ፊቷን ታጠበች፣ እጄን ሳመችና ሄደች።

ከዚያ በኋላማ መምጣት ጀመሩ። አንዳንዱ ባልና ሚስት ሆኖ፣ አንዳንዱ ብቻውን፣ አንዳንዱ ከሌላ ቀበሌ። ማለዳ ይመጣሉ፤ ነጭ ለብሰው ይመጣሉ። ጉለሌ ውስጥ የሮማ ታሪክን ከእኔ ተማሪዎች ይልቅ ወላጆቻቸው ያወቁት ያን ጊዜ ነው። የሚወዱትንም ለየሁ። ጎል ላይ እንድቸኩል አይፈልጉም። ከወታደሩ ጋር መብላቱን ደግሜ እንድናገር ይፈልጋሉ። አንድ አባት በዚያ ብርድ የሚለብሰው ነበረው ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ ነበረው አልኩት፤ የሱፍ ነበር አልኩት፤ የት እንዳነበብኩት አትጠይቁኝ። መርከቦቹ ሲቃጠሉ ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፤ ማን እንዳቃጠላቸው ግን ማንም አይጠይቅም። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ። ከሃዲነቱን እንድዘለው በዓይናቸው ይለምኑኛል፤ እዘለዋለሁ። ጦሩን የወረወረው ማን ነው ያለኝም የለም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የአብዮት ጥበቃ መጣና ሊቀመንበሩ ቤታቸው ይፈልጉሃል አለኝ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ሁለት ካልሲ ደርቤ አደረግኩ፤ እስር ቤት ሲሚንቶው ይበርዳል ሲሉ ሰምቼ ነበር። መንገድ ላይ የምመልሰውን አሰላሰልኩ፤ ታሪክ ነው እላለሁ፤ ራሱ ያዘዘኝ ነው እላለሁ፤ የወዳጅ አገር አልነካሁም እላለሁ።

መኩሪያ በሩን ራሱ ከፈተልኝ። ካኪውን አልለበሰም፤ ያለ ካኪው ሳየው የመጀመሪያዬ ነው፤ ትከሻው ጠባብ ነበር። ግድግዳው ላይ ያሉት ሦስቱ ጺማሞች ከላይ ያዩናል። ከእነሱ ሥር ሚስቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀምጣለች። ትልቁን ልጃቸውን ለሰፈሩ ምሳሌ ይሁን ብሎ በገዛ እጁ ያስመዘገበው ሰው መኩሪያ ነው።

በሩን ዘጋ፤ መጋረጃውን ሳበ፤ ራዲዮኑን ድል እያወራ ሳለ ድምፁን ከፍ አደረገው።

«ለእሷም ንገራት» አለኝ፤ ወደ እኔ ሳያይ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እርስዎ ከላይ መጠየቅ አይችሉም?»

«ጠየቅኩ» አለ። «በግልህ መጠየቅህ ነው ወይስ ቀበሌውን ወክለህ አሉኝ።» ሊስቅ ሞከረና ተወው። ከሚስቱ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ።

ምን አደርጋለሁ? ከሩቅ ጀመርኩ። መጽሐፉን፣ ብርዱን፣ ጠረፉን አወራሁ። ጎል ላይ አልቸኮልኩም። ስትራስቡርግ ልደርስ ስል ሴትዮዋ እጇን አነሣች። ከዚያ በፊት ያቋረጠኝ ሰው አልነበረም።

«ያ ንጉሥ እናት ነበረችው?» አለችኝ።

«ገና ሕፃን ሳለ ነው የሞተችበት» አልኳት።

«ታድላ» አለች።